የአንድን የነርቭ ሕክምና ተመራማሪ የታተሙ ሥራዎች እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በአንድ በኩል ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንጎል ሴሎችን የሚያጠና፣ በሌላ በኩል ታካሚ የሚያይ ተመራማሪ በሥራ ዘመኑ መቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጽሑፍ ያሳትማል። ከእነዚህ መካከል በአይጥ ላይ የተሠራ ሙከራ አለ፤ የአንድ ታካሚ ታሪክ አለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሳተፉበት የመድኃኒት ፍተሻ አለ፤ የሌሎችን ሥራ የሚቃኝ ዳሰሳ አለ፤ ለመጽሔት አዘጋጅ የተላከ የአንድ ገጽ ደብዳቤም አለ። ሁሉም በዝርዝሩ ላይ አንድ አንድ መስመር ስለሚይዙ እኩል ይመስላሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከፍቶ ከየት እንደሚጀምር ለሚቸገር አንባቢ ነው፤ አማካሪ ለሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ስለ አንድ ግኝት ለሚዘግብ ጋዜጠኛ፣ ወይም ስለ ሕመሙ የተጻፈውን ራሱ ማየት ለሚሻ ታካሚና ለቤተሰቡ።

መያዝ የሚገባው ዋና ነገር አንድ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለው፤ ችግር የሚመጣው በአንድ ደረጃ የተገኘ መልስ ለሌላው ደረጃ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ነው። በአይጥ አንጎል የታየ ለውጥ የሰው ሕክምና ተደርጎ ሲወራ፣ በሦስት ታካሚዎች ላይ የታየ መሻሻል ለሺዎች ተስፋ ሆኖ ሲሰጥ፣ የተመራማሪው ዝና ለአዲሱ ጽሑፉ ዋስ ሆኖ ሲቆም ንባቡ መስመሩን ስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ ዞረው ዞረው የሚያገለግሉት አንድን ዓላማ ነው፤ የትኛው ጽሑፍ ምን እንደጠየቀና በማን ላይ እንደጠየቀ ለይቶ ማስቀመጥ።

ተመራማሪውን ከሞክሼዎቹ መለየት

ፍለጋውን ከፐብሜድ መጀመር ይመረጣል። ፐብሜድ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የተከፈተ የመረጃ ቋት ሲሆን፣ በሕክምናና በሥነ ሕይወት መስክ የወጡ ጽሑፎችን ርዕስ፣ የጸሐፊዎቹን ስምና አብዛኛውን ጊዜም አጠቃሎውን (አብስትራክቱን) ይዟል። በዚህ መመሪያ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የተመራማሪው የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከገባ ግን አንድ ስም የሚጋሩ የልብ ሐኪም፣ የአፈር ተመራማሪና የነርቭ ሐኪም ተደባልቀው ይመጣሉ። በመሆኑም በቅድሚያ ሰውየው የኦርኪድ ቁጥር እንዳለው ማየት ይጠቅማል። ኦርኪድ ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው፤ ባለቤቱ ስሙን ወይም የሥራ ቦታውን ቢቀይርም ቁጥሩ አብሮት ይዘልቃል። ቁጥሩ ከሌለ፣ ወይም ባለቤቱ ዝርዝሩን ሳያሟላው ከቀረ፣ የሥራ ተቋሙን፣ አብረውት የሚጽፉትን ሰዎችና የጥናት መስኩን ማመሳከር ግድ ይሆናል። ጉግል ስኮላር ሰፋ ያለ መረብ ይጥላል፤ የጉባኤ ጽሑፎችንና ገና በአቻ ያልተገመገሙ ቅድመ ኅትመቶችን ሳይቀር ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ስብሰባውን የሚያካሂደው ማሽን ስለሆነ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሾልኮ መግባቱ የተለመደ ነው።

ዝርዝሩ ከተጣራ በኋላ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። የመረጃ ቋቶቹ ብዙውን ጊዜ አዲሱን ወይም ለፍለጋው ይበልጥ የቀረበውን ከላይ ያስቀምጣሉ፤ አንባቢው ግን የሚጠቀመው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሄድ ነው። ተመራማሪው ከየትኛው ጥያቄ ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ የትኛውን መላምት እስከ መጨረሻው ይዞ እንደዘለቀ፣ የትኛውን ደግሞ አንድም ማብራሪያ ሳይሰጥ እንደተወው በዚህ አቅጣጫ በግልጽ ይታያል። በዝምታ የተተወ መላምት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ያልተሳካ ሙከራ ብዙ ጊዜ ሳይታተም ስለሚቀር አንባቢው የውድቀቱን ፍንጭ የሚያገኘው ሥራው በድንገት መቋረጡን በማየት ነው።

በየርዕሱ አጠገብ ሁለት ነገር መጻፍ

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ሁለት ነገር ማስፈር ይበቃል፦ ጥናቱ በማን ወይም በምን ላይ እንደተሠራ፣ ተመራማሪዎቹም አንድ ነገር አድርገው ውጤቱን እንደለኩ ወይስ የሆነውን ብቻ እንደተመለከቱ። ይህን ለማወቅ አጠቃሎውን ማንበብ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ርዕሱ ግን አይበቃም፤ በርዕሱ ላይ የሰው በሽታ ስም ተጠርቶ ጥናቱ የተካሄደው በአይጥ ላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ ድልደላ የሴልና የእንስሳት ሙከራዎች በአንድ ወገን፣ የታካሚ ዘገባዎችና የምልከታ ጥናቶች በሌላ ወገን፣ ታካሚዎች በዕጣ ተደልድለው ሕክምና የተሞከረባቸው ፍተሻዎች ደግሞ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ዳሰሳዎችን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የፈለገውን ጥናት መርጦ የሚተነትንበትን ከስልታዊው ዳሰሳ መለየት ይገባል፤ ሁለተኛው ጽሑፎችን እንዴት እንደፈለገና በምን መስፈርት እንደጣለ አስቀድሞ ይናገራል።

በዚህ ድልደላ ውስጥ የአንድ ታካሚን ዘገባ ዝቅ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ በነርቭ ሕክምና ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። በ1953 የሚጥል በሽታው እንዲሻለው ተብሎ ሂፖካምፐስን ጨምሮ የጎንና ጎን የአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል በቀዶ ሕክምና የተወገደለት፣ በጽሑፎች ላይ ለረጅም ዘመን «ኤች ኤም» እየተባለ ይጠራ የነበረው ታካሚ አዲስ ትዝታ መያዝ ተሳነው። ዊልያም ስኮቪልና ብሬንዳ ሚልነር በ1957 የእሱንና የሌሎች ጥቂት ታካሚዎችን ሁኔታ አሳተሙ፤ የማስታወስ ሳይንስም ከዚያ በኋላ መልኩን ቀየረ። ጽሑፉ የመለሰው ጥያቄ «የዚህ ክፍል መጥፋት ይህን ያህል የማስታወስ ጉድለት ሊያስከትል ይችላልን?» የሚል ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ አንድ በጥንቃቄ የተመረመረ ሰው ብዙ ይናገራል። «በስንት ታካሚዎች ላይ ይህ ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ግን ጽሑፉ መልስ የለውም፤ አልጠየቀውምና።

አንድን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል

ድልደላው ካለቀ በኋላ እጅግ ጠቃሚው ሥራ ይመጣል፤ ከዝርዝሩ አንድ የጥያቄ መስመር መርጦ ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መከተል። መስመሩ የአንድን ተመራማሪ ዝርዝር አልፎ ወደ ሌሎች ቡድኖች ሥራ መሻገሩ አይቀርም፤ መሻገርም አለበት። በነርቭ ሕክምና ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማሳያ የሚሆነው ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው የጥልቅ አንጎል ማነቃቂያ (አንጎል ውስጥ በተተከለ ኤሌክትሮድ በኤሌክትሪክ ምት የማነቃቃት ሕክምና) ታሪክ ይመስለኛል፤ ሰንሰለቱ ያልተበጠሰና እያንዳንዱ ቀለበት የታተመ ስለሆነ።

በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድብቅ የተቀመመ ዕፅ በደም ሥራቸው ከወሰዱ በኋላ በድንገት፣ ዓመታት እንደቆየበት የፓርኪንሰን ታካሚ፣ ሰውነታቸው ግትር ብሎ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ በ1983 ያወጡት ዘገባ አራት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ጣቱን የቀሰረው ዕፁ ሲቀመም በተፈጠረ ኤምፒቲፒ በተባለ ንጥረ ነገር ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ንጥረ ነገር በጦጣዎች ላይ ተመሳሳይ ሕመም እንደሚያመጣ ታየ፤ በዚህም ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ የሚያጠኑት የበሽታው አምሳያ አገኙ። ለዓመታት የጦጣ አንጎል ሴሎች እንቅስቃሴ ሲደረግ የሚሰጡትን ምልክት ሲመዘግብ የኖረው ማህሎን ዴሎንግ በ1990 ከሃጋይ በርግማንና ከቶማስ ዊችማን ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። በኤምፒቲፒ የታመሙ ጦጣዎች ውስጥ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የተባለችው ትንሽ የአንጎል ክፍል ስትጠፋ መንቀጥቀጡም ግትርነቱም እንደቀነሰ የሚያሳይ ነበር። በሌላ ወገን በፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ከ1987 ጀምሮ ታላመስ በተባለ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮድ ተክሎ በፈጣን የኤሌክትሪክ ምት በማነቃቃት መንቀጥቀጥን ማስታገስ እንደሚቻል ሲዘግብ ቆይቷል። ሁለቱ መስመሮች ተገናኙ። የግረኖብሉ ቡድን ኤሌክትሮዱን ወደ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ አዛውሮ በ1995 የሦስት ታካሚዎችን፣ በ1998 ደግሞ የ24 ታካሚዎችን ውጤት አሳተመ።

አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ በ1998 ምን ይታወቅ እንደነበር ራሱን መጠየቅ አለበት። ኤሌክትሮዱ ሊተከል እንደሚችል ይታወቅ ነበር፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች እንደተሻላቸውም እንዲሁ። ሕክምናው በመድኃኒት ብቻ ከመቀጠል ይበልጥ እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር፤ 24ቱ ሰዎች የሚነጻጸሩበት ሌላ በዕጣ የተደለደለ ቡድን አልነበረምና። ያንን ጥያቄ በቀጥታ ያነሣው በ2006 የወጣው በዋናነት ጀርመን ውስጥ የተካሄደ ፍተሻ ነው። 156 ታካሚዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከጥንዱ አንዱ ወደ ቀዶ ሕክምና ሌላው ወደ ተሻለ የመድኃኒት ሕክምና በዕጣ ተመደቡ፤ ከስድስት ወር በኋላ ከ78ቱ ጥንዶች በ50ዎቹ የተሻለ የኑሮ ጥራት የነበረው ማነቃቂያ የተተከለለት ሆኖ ተገኘ። ይኸው ጽሑፍ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በማነቃቂያው ቡድን 13 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ቡድን 4 በመቶ እንደሆኑና አንድ ታካሚ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሞተ ይዘግባል። ሕክምናው በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለፓርኪንሰን የተፈቀደው ግን ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ነበር፤ ፈቃድና ጠንካራው ማስረጃ ሁልጊዜ በአንድ ቀን እንደማይደርሱ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ2013 ደግሞ 251 ታካሚዎች የተሳተፉበት ፍተሻ ሕክምናው በሽታው ገና ሳይጠና ቢጀመርስ የሚለውን ጥያቄ አነሣ።

አራት፣ ጥቂት ጦጣዎች፣ ሦስት፣ 24፣ 156፣ 251። የእነዚህ ቁጥሮች ማደግ ቀደምቶቹ ጽሑፎች ደካማ ነበሩ ለማለት አያበቃም፤ የየጽሑፉ ጥያቄ የየራሱን ያህል ሰው ይፈልግ ነበር። በ2014 ዴሎንግና ቤናቢድ ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት በጋራ ሲቀበሉም የአንዱ ድርሻ በቤተ ሙከራ፣ የሌላው በቀዶ ሕክምና ክፍል የነበረ መሆኑ የታወቀ ነው። የአንድን ተመራማሪ ዝርዝር የሚያነብ ሰው «የዚህ ሰው ቀለበት የትኛው ነው? ከሱ በፊት ማን ነበር? ከሱ በኋላስ ማን ተቀበለው?» ብሎ መጠየቅ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

የተበጠሰ ሰንሰለትም ማየት ይገባል፤ እንዲያውም የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው። በስትሮክ ጊዜ የአንጎል ሴሎችን ከሞት ያድናሉ የተባሉ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ በተደጋጋሚ ሠርተው በሰው ላይ ከሽፈዋል። በ2006 የወጣ አንድ ዳሰሳ ለድንገተኛ ስትሮክ በሙከራ ደረጃ የቀረቡ 1,026 ሕክምናዎችን ቆጥሯል። በዚያው ዓመት ኤንኤክስዋይ-059 የተባለ መድኃኒት ወደ 1,700 በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ መጠነኛ ጥቅም አሳየ ተባለ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ3,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ሁለተኛው ፍተሻ ግን ጥቅሙን ሊደግመው አልቻለም። በ2006 የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚገለበጥ ድምዳሜ ይዞ ነበር። ስለሆነም ማንኛውም ፍተሻ ሲነበብ ፐብሜድ ላይ ያንን ጽሑፍ ኋላ የጠቀሱትን ሥራዎች ከፍቶ ውጤቱ መደገሙን ማረጋገጥ የንባቡ አካል ነው።

ስሙ የተቀመጠበት ቦታ

በሕክምና ጽሑፎች ላይ የስሞች ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጻፈው ሥራውን በእጁ የሠራውና ረቂቁን የጻፈው፣ በመጨረሻ የሚጻፈው ደግሞ ቤተ ሙከራውን ወይም ቡድኑን የሚመራው ሰው ነው። በመካከል ያሉት ያበረከቱት ነገር ከጽሑፍ ጽሑፍ እጅግ ይለያያል። የተመራማሪው ስም በወጣትነቱ ከፊት፣ በኋላ ከመጨረሻ መገኘቱ የሥራ ዕድገቱን ያሳያል፤ ለዓመታት በመካከል ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን በትልልቅ የጋራ ፍተሻዎች ታካሚ ያቀረበ ወይም የስታቲስቲክስ ሥራ የሠራ ሊሆን ይችላል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሥራውን የእሱ ግኝት ብሎ መጥራት ግን አያስኬድም። ብዙ መጽሔቶች በጽሑፉ መጨረሻ ማን ምን እንደሠራ የሚያስረዳ አንቀጽ ስለሚያትሙ፣ ከመገመት ይልቅ ወደዚያ ወርዶ ማንበብ ይሻላል።

አንድን ፍተሻ በቅርበት ማንበብ

ከዝርዝሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክሊኒካዊ ፍተሻ መርጦ ከአጠቃሎው አልፎ እስከ ሠንጠረዦቹ ማንበብ ያስፈልጋል። ንባቡ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ለአልዛይመር በሽታ የተሠራውን የሌካኔማብ ፍተሻ እንውሰድ። ውጤቱ በ2022 መጨረሻ ይፋ ሲሆን የዜና አውታሮች ያስተጋቡት «መድኃኒቱ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ አዘገየ» የሚል ነበር።

በመጀመሪያ የሚታየው እነማን እንደተካተቱ ነው። 1,795 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 ሲሆን ሁሉም በበሽታው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉና አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን በአንጎላቸው መከማቸቱ በምርመራ የተረጋገጠ ነበሩ። በዚህ ቅጽበት ጽሑፉ ስለ ማን መናገር እንደማይችል ታውቋል፤ በሽታው ስለጠናበት ሰው አይናገርም። ሁለተኛው ጥያቄ ምን እንደተለካ ነው። ዋናው መለኪያ ከ0 እስከ 18 የሚሄድ፣ ነጥቡ ሲጨምር የማስታወስና ራስን የመርዳት ችሎታ መዳከሙን የሚያሳይ ሚዛን ነበር። ከ18 ወር በኋላ ማስመሰያ መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ በ1.66 ነጥብ፣ ሌካኔማብ የተሰጣቸው በ1.21 ነጥብ ተዳከሙ። ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ነው፤ 27 በመቶ የሚባለው የመጣው 0.45 ለ1.66 ሲካፈል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ግን በአንባቢው አእምሮ የሚሥሉት ሥዕል እጅግ የተራራቀ ነው። ስለዚህ በመቶኛ የተነገረ ውጤት በተገኘ ቁጥር ከስንት ላይ እንደተሰላ መፈለግ፣ ከዚያም ልዩነቱን ከሚዛኑ ሙሉ ርዝመት ጋር ማስተያየት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ልዩነቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይታያል። ጽሑፉ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ወሰን፣ ከ0.23 እስከ 0.67 አድርጎ ያስቀምጣል፤ ክልሉ ዜሮን ስለማይነካ ልዩነቱ እንዲያው የአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ስታቲስቲካዊ ጉልህነትና ታካሚው ወይም አስታማሚው በኑሮው የሚያስተውለው ለውጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በነርቭ ሐኪሞች መካከል የተነሣው ክርክርም ያተኮረው በሁለተኛው ላይ ነው። አራተኛ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይነበባል። በምስል የታየ የአንጎል እብጠት በመድኃኒቱ ቡድን 12.6 በመቶ፣ በማስመሰያው ቡድን 1.7 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ከጥቅሙ ቁጥር ጎን ካልተቀመጠ ንባቡ ግማሽ ነው።

የእርስዎ ተመራማሪ የሠራው ፍተሻ የዚህን ያህል ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄዎቹ ግን አይለወጡም። አንድ ተጨማሪ ምርመራ ብቻ ይቀራል። ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ከ2005 ጀምሮ ማንኛውም ፍተሻ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት በይፋዊ መዝገብ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፤ ከመዝገቦቹ ዋነኛው በ2000 የተከፈተው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ነው። የምዝገባ ቁጥሩ በአጠቃሎው መጨረሻ ይገኛል። መዝገቡን ከፍቶ መጀመሪያ የተመዘገበው ዋና መለኪያ በጽሑፉ ከቀረበው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። መለኪያው ተቀይሮ ከተገኘና ምክንያቱ ካልተነገረ፣ የተሻለ የወጣው ቁጥር ኋላ ተመርጦ ሊሆን ይችላል። በተመራማሪው ስም መዝገቡን መፈለግ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተጀምረው የቆሙ ወይም ተጠናቀው ያልታተሙ ፍተሻዎች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው።

በነርቭ ሳይንስ በተለይ የሚያሳስቡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የናሙና ማነስ ነው። በ2013 የወጣ አንድ ትንተና በነርቭ ሳይንስ የተሠሩ ጥናቶች እውነተኛ ልዩነት ሲኖር እሱን የማግኘት አቅማቸው መካከለኛው 21 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ይህ ማለት ልዩነቱን ሳያዩ ማለፋቸው ብቻ አይደለም። ትንሽ ጥናት ጉልህ ውጤት የሚያገኘው ልዩነቱ በአጋጣሚ ከልኩ በላይ ገዝፎ ሲታይ ስለሆነ፣ የሚታተመው ቁጥር ከእውነተኛው የገነነ ይሆናል። አንድ ተመራማሪ በአሥራ ሁለት ሰው ላይ ያየውን ትልቅ ልዩነት በኋላ በመቶ ሰው ላይ በግማሹ ካገኘው አልተሳሳተም፤ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ሁለተኛውን ማሳተሙ እንዲያውም በመልካም ሊታይለት ይገባል።

ሁለተኛው የአንጎል ምስል ነው። ቀለም የተቀባ የአንጎል ሥዕል አንባቢን የማሳመን ኃይሉ ከያዘው ማስረጃ ይበልጣል። የሚሠራ አንጎልን በሚያሳየው ኤምአርአይ በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ይፈተሻሉ፤ ያለ እርማት ከተፈተሹ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ብቻ «መብራታቸው» አይቀርም። በ2009 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ የሰዎችን ስሜት የሚያሳዩ ፎቶዎች «አሳየው»፤ እርማት ሳይደረግ ሲተነተን በዓሣው አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴ ተገኘ። ነገሩ ቢያስቅም ዓላማው የምር ነበር። በ2016 ደግሞ በሰፊው የሚሠራባቸው የትንተና ፕሮግራሞች በአንዳንድ ቅንብር እስከ 70 በመቶ የሚደርስ የሐሰት ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። ስለዚህ የምስል ጥናት ሲነበብ የዘዴ ክፍሉ ውስጥ ስለ ብዙ ንጽጽሮች እርማት የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ከሌለ ሥዕሉን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ነው።

የቁጥር ማዕረጎች፣ ስረዛና ገንዘብ

የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ በየመገለጫው ላይ ስለሚታይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኢንዴክሱ 20 ነው ማለት ሰውየው ቢያንስ ሃያ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ዳሰሳ የሚጽፍን ሙከራ ከሚሠራ ያስበልጣል፤ ጽሑፉ የተጠቀሰው ለመደገፍ ይሁን ለመተቸት አይለይም። ከዚህ በላይ ጊዜ አይገባውም።

የመጠቀስ ብዛት ዋስትና አለመሆኑን ለማየት በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን፣ በአይጦች ላይ አንድ የአሚሎይድ ዓይነት የማስታወስ ችሎታን እንደሚጎዳ ያስረዳ የነበረውን ጽሑፍ ማስታወስ ይበቃል። ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ከተጠቀሰ በኋላ፣ በምስሎቹ ላይ የመነካካት ምልክት በመገኘቱ፣ በ2024 ተሰረዘ። ፐብሜድ የተሰረዘ ጽሑፍን በገጹ አናት በግልጽ ያሳያል፤ ቀደም ሲል ወርዶ የተቀመጠ ቅጂ ግን ይህን አይናገርም። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ከመጥቀስ በፊት ገጹን እንደገና መክፈት ይገባል። እርማትንና ስረዛንም መለየት ያስፈልጋል፤ የሠንጠረዥ ስሕተትን በራሱ ተነሣሽነት ያረመ ተመራማሪ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

የጥቅም ግጭት መግለጫ በጽሑፉ መጨረሻ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። መድኃኒት አምራች ፍተሻውን በገንዘብ መደገፉ ውጤቱን አያፈርሰውም፤ ትልልቅ ፍተሻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። መታየት ያለበት መረጃውን የያዘውና የተነተነው ማን እንደሆነ ነው፤ ገንዘብ የሰጠው ወገን ትንተናውንም ራሱ ሠርቶ ከሆነ፣ ሌላ ቡድን ያደረገውን ድጋሚ ፍተሻ መጠበቅ ወይም መፈለግ ያስፈልጋል።

ከንባቡ በኋላ

ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ለሆነ አንባቢ የንባቡ ውጤት አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፦ የተመራማሪው ዋና የጥያቄ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ያሉት ጽሑፎች በዓመት ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዳቸው ተሳታፊዎች ብዛት፣ ውጤቱ በሌላ ቡድን መደገም አለመደገሙ፣ በመጨረሻም ገና ያልተመለሰው ጥያቄ። ይህን ገጽ ይዞ ለተመራማሪው በጽሑፉ ላይ በተሰጠው አድራሻ መጻፍ ይቻላል፤ «ሥራዎን አደንቃለሁ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ከዚህ ዓመት በኋላ ይህን መላምት ለምን እንደተዉት ሊነግሩኝ ይችላሉ?» የሚል አጭር ጥያቄ መልስ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ታካሚ ወይም የታካሚ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪሙ ይዞ የሚሄደው የታተመውን ጽሑፍ ብቻ መሆን የለበትም። በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች በዕድሜና በበሽታው ደረጃ ከእኔ ጋር ይቀራረባሉ ወይ? ከመቶ ሰው ስንቱ ተጠቀመ፣ ስንቱስ ተጎዳ? ከዚህ በኋላ የወጣ ሌላ ፍተሻ አለ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ መሄድና መልሱን እዚያው መጻፍ፣ በራስ ፈቃድ መድኃኒት ከመቀየር ወይም ከማቆም በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው።